ቤቱን ማን አየልዎት?

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው መካኒክ ሳይዝ አይሄድም። መካኒክ ወዳጅ ከሌለው በሰው በሰው ያፈላልጋል፤ ካጣም ከፍሎ ይወስዳል። መካኒኩ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ዘይቱን ያያል፣ ሞተሩን አስነሥቶ ያዳምጣል፣ ከሥር ገብቶ ይተኛል፤ ወጥቶም «ይሄ ተጋጭቶ የተቀባ ነው፣ ተወው» ይላል። መኪናው ራሱ በየዓመቱ እየተመረመረ ቦሎ የሚለጠፍበት ነው። ያው ሰው የመኪናውን ብዙ እጥፍ የሚያወጣ ቤት ሲገዛ ግን ከደላላው ጋር ወንድሙን ወይም ባልንጀራውን አስከትሎ ይሄዳል። ሳሎኑን ያያሉ፣ ቧንቧ ከፍተው ይዘጋሉ፣ ግድግዳውን በጣት መታ መታ ያደርጋሉ። «አሪፍ ነው» ይባላል። ቀብድ ይከፈላል።

ልማድ ነው ብለን ልናልፈው እንችል ነበር። ግን ቤት አልሆነልኝም ተብሎ በማግስቱ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ለብዙዎቻችን የዕድሜ ልክ ቁጠባ፣ የዕቁብ ብር፣ ውጭ አገር ያለ ልጅ የላከው ገንዘብና የባንክ ብድር ተደምሮ በሕይወት አንዴ የሚገዛ ነገር ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ ከእጃችን ሲወጣ ቤቱን በባለሙያ ዓይን ያየልን አንድ ሰው አለመኖሩ ሊያስደነግጠን ይገባል። ቤቱ ፒያሳ ከሆነ ደግሞ የበለጠ።

ለምን ፒያሳ? የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም የካቲት 2016 ዓ.ም. ተመረቀ። ብዙ ሳይቆይ የኮሪደር ልማቱ መጣና ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙዎቻችን ያደግንባቸው መንደሮች ፈረሱ። መንገዱ ሰፋ፣ የእግረኛ መሄጃው ተነጠፈ፣ ከዋናው መንገድ ዳር የቀሩት ሕንፃዎች ፊታቸው ታድሶ ማታ ማታ መብራት ያበሩ ጀመር። ደላሎች «ፒያሳ አሁን ሌላ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሌላ ነው። ነገር ግን የታደሰው የቤቱ ፊት ነው። ከፊቱ ኋላ ያለው ግድግዳ፣ ጣሪያና መሠረት ትናንት የነበረው ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ ቤት ሲገዛ ደግሞ ዓይን ከሁሉ በፊት የሚያየው ቀለሙን ነው።

ማን ለማን ይሠራል?

እስኪ በአንድ የቤት ሽያጭ ዙሪያ የሚሰለፉትን ሰዎች እንቁጠር። ሻጩ አለ፤ የሱ ፍላጎት ግልጽ ነው። ደላላው አለ፤ ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ብቻ ነው፣ ከፈረሰ ያ ሁሉ መመላለስ ባዶ ነው። ውል የሚያዘጋጀው ሰው አለ፤ የሚከፈለው ውሉ ሲጻፍ ነው። ሕዝቡ ዛሬም «ውልና ማስረጃ» የሚለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት አለ፤ እሱ የተዋዋዮቹን ማንነት፣ ችሎታና ሰነድ ይመረምራል እንጂ ሰው ልኮ ጣሪያ አያስወጣም። ሥራውም አይደለም።

«ባንኩስ? ባንክ መሐንዲስ ልኮ ያስገምት የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ያስገምታል። ነገር ግን የባንኩ መሐንዲስ የሚመልሰው የባንኩን ጥያቄ ነው፤ ተበዳሪው ባይከፍል ይህ ቤት ተሸጦ ዕዳዬን ያወጣል ወይ? ቦታው ጥሩ ከሆነ መልሱ «አዎ» ነው፤ ኮርኒሱ ውስጥ ያለው እንጨት ቢበሰብስም «አዎ» ነው። የገዢው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ልጆቼን ይዤ ብገባበት ምን ይገጥመኛል? ለማደስስ ስንት ያስወጣኛል? ይህን ጥያቄ ለመመለስ የተቀጠረ ሰው በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስለ ሪል እስቴት ልማትና ስለማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታ አዋጅ አጽድቋል። ዋጋ የሚገምት ባለሙያ በሕግ መታወቁ መልካም ነው። ይሁን እንጂ «ስንት ያወጣል?» እና «ምን ሆኗል?» የሚሉት ጥያቄዎች አንድ አይደሉም። ግመታው ዋጋ ይነግረናል፤ ምርመራው ያንን ዋጋ ከፍለን የምንወርሰውን ችግር ይነግረናል። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ባለሙያ መንገዱን እያገኘ ነው፤ ሁለተኛው ገና ስም እንኳ የለውም።

ስም ባይኖረውም ሥራው የማይታወቅ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የቤት መርማሪዎች የሙያ ማኅበር ካቋቋሙ (1976 እ.ኤ.አ.) ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኗቸዋል። እዚያ ገዢው ውል ሲፈርም «ቤቱ ተመርምሮ ካልተስማማኝ ቀብዴን ይዤ እወጣለሁ» የሚል አንቀጽ ማስገባቱ የተለመደ ነው። ፈረንሳይ ደግሞ ሸክሙን ሻጩ ላይ አድርጋዋለች፤ ሻጩ የኤሌክትሪኩን፣ የጋዙን፣ የምስጡን፣ የሌሎችንም አደጋዎች ሁኔታ በባለሙያ አስመርምሮ ሰነዱን ለገዢው ማቅረብ አለበት።

የሚገርመኝ ግን የኛው ሰው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ወገናችን እዚያ ቤት ሲገዛ ለመርማሪ ከፍሎ፣ በፎቶ የተደገፈ ወፍራም ሪፖርት ተቀብሎ፣ ስለ አንዲት የምታንጠባጥብ ቧንቧ ተከራክሮ ነው። አዲስ አበባ ለእናቱ ቤት ሲገዛ ግን በስልክ ቪዲዮ ሳሎኑን አይቶ፣ «በቃ ጥሩ ነው፣ ጨርሱት» ብሎ ገንዘቡን ይልካል። ሰውዬው አንድ ነው፤ የተለየው በዙሪያው ያለው አሠራር ነው።

የፒያሳ ቤት ገላ

ፒያሳ ውስጥ ያለ ቤት ለምን የተለየ ዓይን ይፈልጋል? ታሪኩ ግድግዳው ውስጥ ስላለ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ በነበሩት ዓመታት የአርመን፣ የሕንድና የግሪክ ባለሙያዎች ከሀገሬው ግንበኛና አናጢ ጋር ያቆሟቸው ቤቶች አሉ፤ ከታች የድንጋይ መሠረት፣ ከላይ እንጨትና ጭቃ፣ ዙሪያውን በረንዳ። ጣሊያን በቆየባቸው ዓመታት የተሠሩ አሉ። ከነጻነት በኋላ በብሎኬትና በኮንክሪት የተሠሩ አሉ። በየዘመኑ የተቀጠሉ ክፍሎችና ሰርቪስ ቤቶችም አሉ። አንዳንዴ አንዱ ግቢ ውስጥ እነዚህን ሁሉ ታገኛላችሁ።

ከዚያ ደግሞ 1967 ዓ.ም. መጣ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ፣ የመሀል ከተማው የኪራይ ቤት አብዛኛው ከባለቤቱ እጅ ወጣ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ተከራዩ የኔ ብሎ አያድሰው፣ ቀበሌው ማደሻ ገንዘብ የለው፤ ቤቶቹ ለአሥርት ዓመታት በላስቲክና በቆርቆሮ ቁራጭ እየተደገፉ ኖሩ። የግል ሆነው የቀሩት ቤቶችም ከዚህ አላመለጡም። ከቀበሌ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋሩ፣ መፀዳጃ ቤት የሚጋሩ፣ አንዳንዴም ቆጣሪ የሚጋሩ ሆነዋል። እንዲህ ያለ ቤት ስትገዙ የጎረቤቱንም ችግር አብራችሁ ትገዛላችሁ።

አንድ የማውቃቸው ጡረታ የወጡ መምህር ከደጃች ውቤ ሰፈር ዝቅ ብሎ ያለ ግቢ የገዙት በጥር ወር ነበር። ቤቱ አዲስ ክሬም ቀለም ተቀብቷል፣ ኮርኒሱ ተቀይሯል፣ ግቢው ተጠርጓል። ደላላው «ጋሼ፣ ይሄ ቤት እስከ ነገ አይቆይም፤ ሁለት ሰው ብር ይዞ እየጠበቀ ነው» አላቸው። እሳቸውም ሁለት ቀን ሳይሞላቸው ቀብድ ከፈሉ። ሐምሌ ሲገባ አዲሱ ኮርኒስ ረጥቦ ጎበጠ። የኋላ ግድግዳው ከሥሩ ቀለሙ አረፋ እየሠራ ይላጥ ጀመር። ግንበኛ አስጠርተው የሲሚንቶ ልስኑን ሲያስነሡት ከውስጥ የቆየ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ማገሩና ቋሚው እስከ ጉልበት ድረስ ከፊሉ በምስጥ ተበልቷል፣ ከፊሉ በስብሷል። ሦስት ክፍል አፍርሶ መሥራት ግድ ሆነ። ለልጃቸው ሠርግ ያስቀመጡት ገንዘብ ግድግዳ ሆነ። ለሻጩ ቢደውሉለት መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «ጋሼ፣ አይተው አይደል የገዙት?»

ሥራውን የሚያውቅ ሰው በግማሽ ቀን ይህን ሊያይ ይችል ነበር ወይ? እንጨቱን ላያየው ይችላል፤ ምልክቶቹን ግን አያጣቸውም። በጭቃ ግድግዳ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ውስጥ ያስቀረዋል፣ ሲመታም ከሥሩ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። የጣሪያ ውኃ የሚወስደው አሸንዳ የተሰበረበት ቦታ ከሥሩ ያለው አፈር ተሸርሽሮ ይታያል። ጎርፉ ወደ ቤቱ ነው ወይስ ከቤቱ ወደ ውጭ የሚፈሰው? በጥርም ቢሆን የግቢው ተዳፋት ይናገራል። አዲስ ኮርኒስ ያየ መርማሪ ደስ አይለውም፤ መሰላል ጠይቆ ከላይ ያለውን እንጨትና የቆርቆሮውን የሚስማር ቀዳዳ ያያል። በፀሐይ ቀን ኮርኒስ ውስጥ ሆኖ ወደ ላይ ያየ ሰው ብርሃን የሚያስገቡ ቀዳዳዎችን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ክረምቱ የሚገባው በነዚያ ቀዳዳዎች ነው።

ስንጥቅም እንደዚያው ነው። ልስን ላይ የሚታይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ብዙ አያስፈራም። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ ጣት የሚያስገባ፣ በግድግዳው ሁለት ፊት የሚታይ ስንጥቅ ግን መሠረቱ እየሰመጠ መሆኑን ሊናገር ይችላል። ቦሌና አቃቂ አቅጣጫ ያለው ጥቁር አፈር ክረምት እያበጠ በጋ እየተሰነጠቀ ቤት ያናጋል፤ ፒያሳ ላይ ደግሞ ቁልቁለቱ፣ የአሮጌ ፍሳሽ ቦይና የጎረቤት ቁፋሮ አለ። አጠገቡ ያለው ቤት ፈርሶ ትልቅ ሕንፃ ሊሠራበት ጉድጓድ ከተቆፈረ፣ በድንጋይና በጭቃ የቆመው የእርስዎ ግድግዳ ምን እንደሚሆን መጠየቅ ያለበት ከመግዛት በፊት ነው።

ኤሌክትሪኩን ተዉት ማለት አይቻልም። ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ጣይቱ ሆቴል ጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ከፊሉ ሲወድም፣ በእንጨት የተሠራ አሮጌ ቤት እሳት ሲነካው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚሄድ ፒያሳ በዓይኗ አይታለች። አሮጌ ቤት ውስጥ ለሁለት አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ የተዘረጋ ሽቦ ዛሬ ምጣድ፣ የውኃ ማሞቂያና ፍሪጅ ይሸከማል። ብሬከሩ ስንት ነው? ሽቦው ይችለዋል? የመሬት መስመር አለው? ቆጣሪው በሻጩ ስም ነው ወይስ ከጎረቤት የተጠለፈ? ውኃውም እንዲሁ። ቧንቧ ከፍቶ መዝጋት ምርመራ አይደለም፤ ፈረቃው በየስንት ቀን ነው፣ ሮቶው ስንት ሊትር ይይዛል፣ ፍሳሹ የሚሄደው ወደ መስመር ነው ወይስ ወደ ጉድጓድ፣ ጉድጓዱስ በማን ግቢ ውስጥ ነው?

በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እኛም ዘንድ ደርሶ ብዙ ሰው ከፎቅ ሲወርድ አይተናል። ያን ሰሞን ሁሉም «ሕንፃዬ ጠንካራ ነው ወይ?» ይጠይቅ ነበር። አሁን ረስተነዋል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ወጥቶ የሕንፃ ሹምና የግንባታ ፈቃድ ሥርዓት ተዘርግቷል፤ ግን ዓላማው በዋናነት አዲስ የሚሠራውን መቆጣጠር ነው። ሰማንያ ዓመት የቆመ ቤት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲዞር «እስኪ ቆም በልና ልይህ» የሚለው የለም።

ሁለተኛው ምርመራ፦ ወረቀቱና ፕላኑ

ፒያሳ ላይ ግድግዳውን ብቻ የሚያይ መርማሪ ግማሽ መርማሪ ነው። ጠንካራ ቤት ገዝቶ በመንገድ መስመር ላይ ተገኘ መባል አለና። ስለዚህ ካርታው ላይ ያለው ስፋትና መሬት ላይ ያለው አጥር በሜትር ይገጥማሉ ወይ? ሰርቪስ ቤቱ ካርታው ላይ አለ ወይስ ኋላ የተቀጠለ ነው? ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ? ዕዳና እግድ አለበት? የውርስ ቤት ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ ተስማምተዋል? ባለትዳር ከሻጩ ጋር ፈርሟል? በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የባልና የሚስት ስምምነት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ቤቱ አሮጌና ታሪካዊ ከሆነ ደግሞ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ ይጠየቃል፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የተመዘገበ ቅርስን ያለ ፈቃድ እንደፈለጉ ማደስና መለወጥ አይቻልም።

ከሁሉ በላይ ፕላኑ። አራዳ ክፍለ ከተማ ሄዶ ቦታው በከተማው ፕላን ላይ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ፣ መንገድ ወይም የወንዝ ዳር ልማት ይነካው እንደሆነ መጠየቅ የግዢው አካል ነው። ሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ለሕዝብ ጥቅም ይነሣ ሲባል ካሳ የሚታሰበው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት እንጂ ደላላው ለነገረን የቦታ ዋጋ አይደለም። እዚህ ላይ የፒያሳ ገዢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ፒያሳ ላይ ከምንከፍለው ዋጋ ትልቁ ድርሻ ለቦታው ነው፤ ሕጉ የኛ ብሎ የሚያውቀው ግን በቦታው ላይ የቆመውን ነው። ስለዚህ የቆመው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

«አይተው አይደል የገዙት?»

የመምህሩ ሻጭ የሰጠው መልስ በሕግ ፊት ምን ያህል ይቆማል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት መሆኑን ዋስ እንደሚሆን ይናገራል። ነገር ግን ገዢው ሲዋዋል የሚያውቀው ጉድለት፣ ወይም ማንም ዓይን ያለው ሰው ሊስተው የማይችለው ግልጽ ጉድለት ዋስትና የለውም። ገዢውም አጋጣሚውን እንዳገኘ ዕቃውን መመርመርና ያየውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። በሌላ በኩል ሻጭ አውቆ ጉድለቱን ከደበቀ «አይተሃል» በሚል አንቀጽ መሸሸግ አይችልም።

በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። መበስበሱ ከሽያጩ በፊት እንደነበረ በምን ታስረዳላችሁ? ሻጩ አውቆ እንደደበቀስ? ከግዢው በፊት የተሠራ፣ ቀን ያለበት፣ ፎቶ ያለበት፣ የተፈረመበት የምርመራ ሪፖርት ካለ የክርክሩ መሠረት ተገኘ። ከሌለ ቃል በቃል ነው። ሌላም ጉድ አለ። በእጅ የሚከፈለውና በውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ የሚለያይበት ልማድ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ግብር ቀነሰልን ብለን እንስቃለን። ውሉ ይፍረስና ገንዘቤ ይመለስ የተባለ ዕለት ግን በፍርድ ቤት ፊት ያለው የተጻፈው ቁጥር ነው።

ቀብዱም የራሱ ሕግ አለው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ከተወ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ከፍሎ መሐንዲስ መጥራት፣ መሐንዲሱ «አይሆንም» ካለ በገንዘብ መቀጣት ማለት ነው። ወይ ምርመራው ከቀብድ በፊት ይሁን፣ ወይ በቀብድ ውሉ ላይ «በሰባት ቀን ውስጥ በባለሙያ አስመርምሬ ከባድ ጉድለት ከተገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል አንድ መስመር ይግባ። ይህች አንድ መስመር ምንም አዲስ አዋጅ አትጠይቅም። ነገ ጠዋት መጻፍ ይቻላል።

«እስክታስመረምር ሌላ ይወስደዋል»

በዚህ ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ገበያው ፈጣን ነው፣ ስትመረምር ሌላው ይቀድምሃል ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ግን መሐንዲስና ኤሌክትሪሺያን ይዞ ግማሽ ቀን መቆየት፣ ክፍለ ከተማ ሄዶ ሁለት ቀን መመላለስ፣ ለሃያ ዓመት የሚኖሩበትን ቤት አያሳጣም። ቢያሳጣም የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው። «ሁለት ሰው ብር ይዞ እየጠበቀ ነው» የሚለውን ቃል ደግሞ ከደላላ ያልሰማ ገዢ አላጋጠመኝም።

ሁለተኛው «የምገዛው ቦታውን ነው፣ ቤቱን አፈርሰዋለሁ» የሚለው ነው። ለዚህ ሰው የግድግዳው ምርመራ ትርፍ ሊሆን ይችላል፤ የፕላኑ ምርመራ ግን እጥፍ ያስፈልገዋል። አፍርሶ ለመሥራት ፈቃድ ባያገኝስ? ስንት ፎቅ ይፈቀድለታል? ቦታውስ ለብቻው ለመሥራት ይበቃል?

ሦስተኛው የባለሙያው ጉዳይ ነው፤ ከሁሉም እሱ ይከብዳል። «መሐንዲሱስ ከደላላው ጋር ቢሻረክ?» ይላሉ። ፍርሃቱ ትክክል ነው። ለዚህም መሐንዲሱን ደላላው እንዲያመጣልዎት አይፍቀዱ፤ ራስዎ ያምጡት። ክፍያውን ሥራውን ሲጨርስ ይክፈሉት፤ ቤቱን ገዙም አልገዙም ያው ክፍያ ይሁን። የደላላው ኮሚሽን በቤቱ ዋጋ ላይ በመቶኛ ይታሰባል፣ የመሐንዲሱ ግን የሠራበት ቀን ዋጋ ነው፤ ቤቱ ቢሸጥ ባይሸጥ አይጨነቅም። በዚያ ግቢ ውስጥ ከቆሙት ሰዎች ሁሉ «አትግዙ» ለማለት የማይፈራው እሱ ብቻ ነው። የምትከፍሉት ለዚያ ነፃነቱ ነው። የሚያየውን በቃል ብቻ አይቀበሉት፤ በጽሑፍና በፎቶ ይስጥዎት፣ ይፈርምበት።

ይህ ነገር የፒያሳ ባለ ግቢ ገዢዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኮንዶሚኒየም የሚገዛውም የላይኛው ቤት መታጠቢያ ወደ ሳሎኑ የሚያንጠባጥብበት ነው። ከሪል እስቴት አልሚ የሚረከበውም ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት በባለሙያ ማሳየት አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 የሥራ ተቋራጭ ከርክክብ ጀምሮ 10 ዓመት ለሥራው ጥንካሬ ዋስ ነው። በርክክቡ ዕለት ምን እንደተረከብን ካልጻፍን ግን ይህ ዋስትና ሲፈለግ ክርክሩ ረጅም ይሆናል።

ከተማ አስተዳደሩም ድርሻ አለው። ሥራ አጥተው ወይም ከሙያቸው ውጭ እየሠሩ ያሉ ወጣት መሐንዲሶች ብዙ ናቸው። ለቤት ምርመራ ፈቃድ የሚሰጥበት መስፈርት ቢወጣ፣ የሪፖርቱ ይዘት በአንድ ቅጽ ቢወሰን፣ መርማሪው ባጠፋው ልክ የሚጠየቅበት ደንብ ቢኖር፣ የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበርም የሥነ ምግባሩን ነገር ቢይዘው፣ አዲስ ሙያና አዲስ ሥራ ይፈጠራል። አስገዳጅ ይሁን አልልም፤ አስገዳጅ ያልነው ነገር ማኅተም የሚሸጥበት መስኮት ሆኖ ሲቀር አይተናል። መጀመሪያ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው፣ የሚያምነው ባለሙያ ይኑር።

እስከዚያው ግን ጉዳዩ በገዢው እጅ ነው። ቤት ወደዱ? መልካም። ለሻጩ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩት፦ «ቅዳሜ ጠዋት መሐንዲስ ይዤ እመጣለሁ፤ መሰላል ያዘጋጁልኝ።» ደስ ብሎት በሩን የሚከፍት ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚደብቀው ነገር የለውም። «መሐንዲስ ምን ያደርጋል? ዓይንዎ አያይም?» ብሎ ከተቆጣ ደግሞ መሰላሉም አያስፈልግም፤ ምርመራው እዚያው አልቋል።